ከተራራው እስከ ባሕሩ፣ አምባር በመቀባበል

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ «ሁድ ቱ ኮስት» የሚባል የዱላ ቅብብል ሩጫ ይካሄዳል። ከማውንት ሁድ ተራራ ተነስቶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ ሲሳይድ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ያበቃል። ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ማርቆስን ማለፍ በሉት። እ.ኤ.አ. በ1982 በስምንት ቡድኖች ተጀምሮ ዛሬ ከሺህ በላይ ቡድኖች የሚሮጡበት ሆኗል። አብዛኞቹ እንደ ልጄ ለደስታቸው የሚሮጡ ሠራተኞች ናቸው።

አንድ ቡድን እስከ 12 ሰው ይይዛል። መንገዱ 36 ቦታ ስለተከፈለ አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይሮጣል። ስድስቱ በአንድ ቫን፣ ስድስቱ በሌላ ቫን ሆነው ይፈራረቃሉ፤ የአንደኛው ቫን ሰዎች ሲሮጡ የሌላው ሜዳ ላይ ተጋድመው ይሸለባሉ። ሩጫው ቀንም ሌሊትም አይቆምም። የሚቀባበሉት ዱላ ሳይሆን እጅ አንጓ ላይ ሲመቱት የሚጠቀለል አምባር ነው።

ልጄ 38 ዓመቷ ነው፤ ፖርትላንድ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አገር ቤት ሳለች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዷን የሚያማት ልጅ ነበረች። የቡድኑ ሰዎች ኢትዮጵያዊት መሆኗን ሲሰሙ ዋንጫው በእጃቸው የገባ መስሏቸው ነበር አሉ። ስትሮጥ ካዩ በኋላ ግን ስለ ዋንጫ ያነሳ የለም!

አምና ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ ቫኑ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ትርፍ ቦታ ተገኘልኝ። እኔም ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን በሶ ይዤ ተሳፈርኩ።

መነሻው ቲምበርላይን የተባለው የእንጨትና የድንጋይ ማረፊያ ቤት ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ እነሱ ግን አየሩ ሳሳ ይላሉ። የመጀመሪያው ሯጭ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለት ቀላል ይመስላል እንጂ የጭን ጡንቻን የሚጎዳው እሱ ነው፤ ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ውሃም ሳይጠማ እየጋቱ መሮጥ የደምን ጨው እንደሚያሳንስ በቫኑ ውስጥ ሳልነግራቸው አላለፍኩም። የጡረታ ነርስ ዝም አትልም።

ከዚያ መንገዱ በጥድ ደን መሐል ወርዶ ፖርትላንድን ያቋርጣል፤ ሲመሽ በሴንት ሄለንስ በኩል ወደ ዳርቻው ተራሮች ይገባል። እዚያ የመንገድ መብራት የለም፤ ከፊሉም ኮረት ነው። የሚታየው የሯጮቹ የግንባር ባትሪና የሚያንጸባርቀው ሰደርያቸው ብቻ ነው። የልጄ ሁለተኛ ተራ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። ብርድ ልብስ ተከናንባ ከብዙ ሰው ጋር መስመሩ ላይ ቆመች። ከጨለማው ውስጥ የሚመጣውን ሯጭ ቁጥር አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ የተጠራው ቡድን ተረካቢ ብርድ ልብሱን ጥሎ ይወጣል። አምባሩን ተቀብላ ጨለማው ዋጣት።

እናት ነኝና ፈራሁ። ስምንት ኪሎ ሜትር በማታውቀው ጫካ! ተመልሳ ላብዋን እየጠረግሁ «አንቺ ልጅ፣ ምን አስሮጠሽ?» አልኳት።

መልሷ የመጣው ቆይቶ፣ ሌሎቹ ሲያንኮራፉ ነው። አባቷ ከአምስት ዓመት በፊት ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ መምጣት አልቻለችም። እኔ እዚህ ድንኳን ውስጥ፣ እሷ እዚያ በስልክ አለቀስን። የፖርትላንድ ሐበሾች አልተዋትም፤ ምግብ ይዘው መጥተው ሦስት ቀን አብረዋት ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ፤ ያው የሰው አገር ኑሮ ነው። «ከዚያ በኋላ እማዬ፣ ከሥራ ወጥቼ ቤት ብገባም ባልገባም የሚያውቅ ሰው አልነበረም» አለችኝ። በስልክ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነበር የምትለው።

በዚያው ክረምት የሥራ ባልደረባዋ ቡድን ውስጥ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ሰው ጎደለ፤ እሷን ለመኗት። «ብቻዬን ብሮጥ የደከመኝ ቀን እተወዋለሁ። እዚህ ግን አንድ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ የእኔን ቁጥር እየጠበቀ ነው። መቅረት አልችልም።»

እኔ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምትረክበኝ ነርስ ሳትመጣ፣ የእያንዳንዱን ታማሚ ሁኔታ ካርዱን ይዤ ሳላስረዳት ከዎርድ ወጥቼ አላውቅም። ልጄ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ጠዋት ስገባ መስኮቱ ላይ አገኛት ነበር። ይህንን ሳነሳባት «ትዝ ይለኛል፤ ቦርሳሽን እኔ ነበርኩ የምቀበልሽ» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ሲሳይድ ስንደርስ ባሕሩን ጉም ሸፍኖት ነበር። የመጨረሻዋን ሯጭ አሥራ አንዱም አሸዋው ላይ ጠብቀው አብረዋት ሮጠው ገቡ። ጠረናቸው አይነሳ። ሁለት ቀን ያልታጠበ አሥራ ሁለት ሰው ተራ በተራ አቀፈኝ፤ አንዱ በሶው ተርፎ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጄ የቤቷን ደረጃ የብረት መደገፊያውን ይዛ በጎን ስትወርድ አገኘኋት። ቁልቁለቱ ነው። በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ለመጪው ዓመት የትኛውን ተራ እንደምትወስድ ከእነሱ ጋር ትከራከር ነበር።