ከኪንግስተን እስከ ኒውዮርክ

ከኪንግስተን ተነሥቶ ወደ ኒውዮርክ የሚበር አውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል በአየር ላይ ይቆያል። ወሩ ጥር እንደ ሆነ፥ ተሳፋሪው የጃማይካን ፀሐይ ትቶ በብርድ ውስጥ ይወርዳል፤ የእጅ ሰዓቱን ግን መለወጥ አያሻውም፥ በዚያ ወራት የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነውና። ለእናታችን ደሴት ማለት ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ ያውም ዛሬ በየብስ ይገባበታል።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሰማይ የተመላለሱ አንድ አባት ነበሩን። ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ በ1962 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችንን በጃማይካ ተከሉ፤ ብዙ ሕዝብም አጠመቁ። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ከኒውዮርክ አጠገብ ባለችው በኒውአርክ ከተማ ዐረፉ። አስከሬናቸው ግን ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም፤ ባሕሩን ተሻግሮ በኪንግስተን ተቀበረ።

ይህን በስልክ ያጫወተን በኒውአርክ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፥ ሕመምም አለበት። «እኔስ?» ሳይል ተሰናበተን።

እናታችን፥ «ያገራቸው አፈር ምን በደላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የመንፈስ ልጆቻቸው በዚያ ስለ ነበሩ ነው» ብዬ መለስሁ።

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ ቈዩ። ኋላም በዝግታ፥ «የእርሱስ ልጆች?» አሉ።

ሦስቱም በዚያው በኒውአርክ ተወልደዋል።