ዞኑን የጣለው አሰልጣኝ

እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ውድድር ሁለተኛ ዙር ላይ በጎንዛጋ 83 ለ 71 ተሸነፈ። ብራንደን ክላርክ የተባለው የጎንዛጋ ተጫዋች ብቻውን 36 ነጥብ አስቆጠረ፤ አብዛኛውንም ከቅርጫቱ ሥር። የቤይለር ዞን መዝጋት የነበረበት ያንኑ ቦታ ነው።

ለአሰልጣኝ ስኮት ድሩ ዞን መታወቂያው ነበር። በ2003 በቅሌት ፈርሶ የተረከበውን ቡድን ከዓመት ዓመት አቁሞታል፤ ሲያቆመውም ተጋጣሚዎች በዋናነት የሚያውቁት በዚያ አከላከል ነው። ዞን ይመቻል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃል፣ እጀ ረጅሙ ክፍተት ይሸፍናል፣ ቀርፋፋውም ይደበቃል። እንጀራ ያበላን ነገር መጣል ደግሞ ቀላል አይደለም።

በዚያው ዓመት የዚያው ግዛት፣ የዚያው ሊግ ተፎካካሪ ቴክሳስ ቴክ እስከ ፍጻሜ ደረሰ። አከላከሉ አንድ ሕግ ነበረው፦ ኳስ ወደ መሐል አይግባ። ኳስ የያዘው ሰው ወደ ጎን መስመር ይገፋል፤ እዚያ ሁለተኛ ሰው ይጠብቀዋል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን ቦታ ይሸፍናል፣ አራተኛው የሦስተኛውን። አንዱ እርምጃ ከዘገየ ጥግ ላይ የቆመው ተጫዋች ያለ ከልካይ ሦስት ነጥብ ይወረውራል። ድሩ ይህንን ከተፎካካሪው ለመማር አላፈረም። ዞኑን ትቶ ሰው በሰው መከላከል ጀመረ።

ቀጣዩን የውድድር ዓመት ቤይለር 26 አሸንፎ በ4 ብቻ ተሸነፈ፤ ፍጻሜውን ግን ኮቪድ ሰረዘው።

ብዙዎች ድሉን ለጋርዶቹ ችሎታ ብቻ ይሰጣሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ እንደ ዴቪዮን ሚቸል ያለ ተከላካይ በየቡድኑ አይገኝም። ማርክ ቫይታልም ቁመቱ የመሐል ተጫዋች ሳይሆን ግዙፉንም ፈጣኑንም ይይዝ ነበር። ነገር ግን በ2021 የሆነው ሌላ ይናገራል። 17 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣው ቡድን በወረርሽኙ ምክንያት ለሦስት ሳምንት ያህል ቆመ። ሲመለስ ያው ሚቸል፣ ያው ቫይታል ነበሩ፤ ካንሳስ ግን 71 ለ 58 ረታው፣ በሊጉ ዋንጫም ኦክላሆማ ስቴት አሰናበተው። ውርወራን አንድ ሰው ብቻውን ኳስና ቅርጫት ካለው ይለማመዳል። ቦታ መሸፋፈንን ብቻውን የሚለማመድ ሰው የለም፤ አምስቱ በአንድ ላይ ሮጠው፣ ተጯጩኸው፣ ተሳስተው ነው የሚለምዱት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው።

ዝገቱ የለቀቀው በዋናው ውድድር ላይ፣ ቀስ በቀስ ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 2021 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ቤይለርን ለፍጻሜ የጠበቀው ደግሞ ያው ጎንዛጋ ነበር። 31 ጨዋታ ያሸነፈ፣ አንድም ያልተሸነፈ፣ ከ1976ቱ ኢንዲያና ወዲህ ሙሉ ዓመት ሳይሸነፍ ዋንጫ ለማንሳት አንድ ጨዋታ የቀረው። ቤይለር 9 ለ 0 ጀመረ፤ ቆይቶ 29 ለ 10 ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ክላርክ እንደልቡ የገባበት መሐል ተዘግቷል። ኳስ የያዘው የጎንዛጋ ልጅ ወደ መስመሩ ይገፋል፣ ዞር ሲል ሌላ ሰው ያገኛል።

የጨነቀው ጎንዛጋ ያን ጊዜ አከላከሉን ቀየረ፤ ዞን ያዘ። ለጥቂት ጊዜ ሠራለት፣ እረፍት ሲወጡ ልዩነቱ ወደ 10 ወርዶ ነበር። ከእረፍት በኋላ ግን ዞንን ከማንም በላይ የሚያውቀው አሰልጣኝ ቡድን ከሩቅ ማስገባቱን ቀጠለ። 86 ለ 70 አለቀ።