14 ኪሎ ከራስ በላይ

ታናሽ ወንድሜ ፕሮጀክተር ሠራ። ሠራ ስላችሁ ገዝቶ ገጠመ ማለቴ አይደለም። ከተበላሸ የ15 ኢንች የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብርጭቆውን ገፎ አወጣና ከኋላው የ100 ዋት ኤልኢዲ ደገነበት። ምናለሽ ተራ ካገኘው አሮጌ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር (ያ መምህራን ላስቲክ ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ያበሩት የነበረው) ሌንሶቹን ፈታ። ሁሉንም ቺፕውድ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ወፍጮ ቤት ወስደን ሚዛን ላይ ስናወጣው 14 ኪሎ ሆነ። ባለ ወፍጮው ሳጥኑን አንኳኩቶ «እህሉ ምንድን ነው?» አለን።

ለምን እንዲህ ከበደ ለምትሉ፦ የስክሪን ብርጭቆ ከኋላው ከሚበራበት ብርሃን ከመቶ አስር እጁን እንኳ ወደ ፊት አያሳልፍም። ግድግዳ ላይ ደህና ምስል ለማየት ኃይለኛ መብራት ግድ ነው። እሱ ደግሞ ይግላል፤ የጋለውን ለማቀዝቀዝ ወፍራም አሉሚኒየምና ሁለት ፋን ይጨመራል። ሌንሶቹም በመካከላቸው ርቀት ይፈልጋሉና ሳጥኑ ይረዝማል። ፋብሪካ የሠራው በብብት ይያዛል፤ የኛው የሁለት ሰው ሸክም ነው።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሳሎናችን አራት በአምስት ናት፤ ቡና ይፈላባታል፣ እንግዳ ይገባባታል። ፊልሙ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ እትዬ ፈንዲሻ ይዘው በመሀል ሲያልፉ የፊልሙ መኪና ነጠላቸው ላይ ተገለበጠ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ጣቷን ወደ ፋኑ ስትልክ ለጥቂት ያዝኳት። እዚያው ማታ ተወሰነ፤ ከላይ ይሰቀላል።

በማግስቱ ወንድሜ ትራፓኖ በእጁ፣ አራት ቪቴ በጥርሱ ይዞ ወንበር ላይ ወጣ፤ ኮርኒሱን ሊበሳ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ወንበሩን ይዤለት ቆሜ ነበር።

ያዳኑን ጋሼ ናቸው። ከበራችን አጠገብ ብየዳ ቤት አላቸው፤ ትራፓኖው የሳቸው ነው፤ ሊወስዱት መጥተው ነው ያዩን። «ኮርኒስ እኮ ልብስ ነው» አሉ። «ልብስ ላይ ድንጋይ ይሰቀላል?»

ሌላ ሰው ቢለው ምናልባት አንሰማም ነበር። ግን ኮልፌ ያደገ የኔ ዘመን ሰው የቪዲዮ ቤቶቹን ቴሌቪዥን አይረሳም፤ ጥቁር መጋረጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት ከጣሪያው ስር ብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የተሰቀለ ባለ 21 ኢንች። ያ ሆዳም ቴሌቪዥን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስሙኒ ከፍለን ከስሩ ስንኮለኮል አንድም ቀን ቀና ብለን «ቢወድቅስ?» አላልንም። የሰፈራችንን የብረት ሳጥኖች የበየዷቸው ጋሼ ናቸው። ዛሬ ስክሪኑ ሁሉ ጠፍጣፋና ቀላል ሆኗል፤ ሳጥን የሚያዛቸው የለም።

ኮርኒሱን ከፈትነው። ቺፕውዱ ሲነሳ ከላዩ ሌላ ኮርኒስ ተገኘ፤ እማዬ ኖራ የቀባችው ማዳበሪያ። ከሱ በላይ አቧራ፣ የአይጥ ጎጆ፣ ቀዳዳ የተወተፈበት ጋዜጣ። ከዚያ ቆርቆሮውን የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ወራጆች። አባባ አጠና ተራ ሄደው አንድ በአንድ መርጠው ያመጧቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከስራቸው ተኝቻለሁ፤ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

አባባ መጡና በከዘራቸው እያመለከቱ ቆጠሯቸው። ይህ ደህና ነው። ይህን ምስጥ ጀምሮት በጋዝ አድነነዋል። ያኛው ሲሰቀልም ጠማማ ነበር፣ «ገንዘብ አልቆብኝ ነው»። ወንድሜ ደህና የተባለውን ያዝ አድርጎ «በቃ፣ እዚህ ላይ እንሰረው» አለ። አባባ ሳቁበት። «እሱ ቆርቆሮ ሊሸከም ነው የተሰቀለው። የሐምሌ ዝናብና ንፋስ ይበቃዋል፤ ያንተን ሲኒማ የሚሸከመው ምን ዕዳ አለበት?»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ የሁለቱ ሽማግሎች ሆነ። ጋሼ 40 በ40 ቱቦላሬ በወራጆቹ ላይ ይጋደም አሉ። አባባ ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ሁለት ሞራሌ፤ ክብደቱ ጣሪያውን ሳይነካ በግድግዳው ቋሚዎች በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ። አባባ አሸነፉ። እውነትም ልክ ነበሩ።

ስለ ሳጥኑ ግን ያሸነፉት ጋሼ ናቸው። ወንድሜ ሊያንጠለጥለው ያሰበው ከላይ ከክዳኑ ነበር። ቺፕውድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ነው፤ ቪቴው ወደ ታች ሲጎተት እየፈረፈረ ይለቃል፣ ሙቀት ሲጨመርበትማ ይብስበታል። ጋሼ ከአንግላሬ መቀመጫ በየዱለት። አሁን የተሰቀለው መቀመጫው ነው፤ ሳጥኑ ውስጡ ተቀምጧል። አራት ረጃጅም ብሎኖች ሞራሌውን ዘልቀው ከላይ በሮንዴላና በዳዶ ታሰሩ። ሮንዴላው ሰፊ ካልሆነ ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይሰምጣል። በተጨማሪም ለብቻው የታሰረ ሰንሰለት አለ፤ ምንም አይሠራም። «ሥራ እንዳያገኝ ጸልዩለት» አሉን ጋሼ።

(ትራፓኖ፣ ቪቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ። ጣሊያን በአምስት ዓመት አገሩን መያዝ ቢያቅተው የመሣሪያ ሳጥናችንን ይዞት ቀርቷል።)

ፕሮጀክተሩን ከማስቀመጣችን በፊት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጫንበት። 50 ኪሎ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ። እዚያው አደረ። እማዬ ያን ሌሊት ሳሎን ዝር አላለችም። ጠዋት ሲባጎ ወጥረን ስንለካው ሞራሌው የጣት ጥፍር ያህል ጎብጦ ነበር፤ ሲሚንቶው ሲወርድ ቀና አለ።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው «እኛ ጋ ምን ችግር፣ ኮንክሪት ነው» አለኝ። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ተሳስቷል። የብዙ ኮንዶሚኒየም ሶሌታ ተገጣጣሚ ቢሞች ተደርድረው፣ በመካከላቸው ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ገብቶ፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። ፊሸሩ ብሎኬቱ ላይ ካረፈ የሚነክሰው ስስ ልጣጭ ብቻ ነው፤ አምፖል ይይዛል፣ 14 ኪሎ ግን አይችልም። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳህ ሂድ አልኩት፤ ብሎኬቱ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ቢሙ ይደነቁራል። ቢሙንም ከስሩ መሀል ለመሀል መብሳት ፌሮውን ፍለጋ መሄድ ነው። እስካሁን እያንኳኳ ነው መሰለኝ፣ አልደወለልኝም።

የኛው ቅዳሜ ማታ በራ። የመጀመሪያው ችግር ሲኖትራክ ነው፤ በመንገዱ አንድ ባለፈ ቁጥር ተጫዋቾቹ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። በሁለተኛው ቀን ጋሼ ሁለት ሰያፍ ብረት በየዱበትና ተገላገልን። ለዝናቡ ግን መላ የለም፤ ቆርቆሮው ሲመታ ኳሱን ያለ ድምፅ ማየት ነው።

እማዬ ጨለማ ውስጥ ያ የብርሃን ግንድ ከጭንቅላቷ በላይ ሲያልፍ አይታ «ቤቴን ሰይጣን ቤት አደረጋችሁት!» አለች። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት የጠራበት ስም ከሷ ጋር አለ ለካ። በሲኒማ ቤት ማሽኑ ከኋላ የራሱ ክፍል ነበረው፤ የጥንቱ የናይትሬት ፊልም እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል ስለነበር ከተመልካቹ በግድግዳ ይለዩታል። ከሰው ራስ በላይ የሰቀልነው እኛ ነን።

አባባ ኳሱን አላዩም። ወንበራቸውን ወደ ጥግ ስበው ቀና እንዳሉ አመሹ። እረፍት ላይ ወንድሜን ጠሩት።

«ሞራሌው ገና እርጥብ ነው። ሲደርቅ ይሸሻል። በወሩ ውጣና ዳዶውን ደግመህ አጥብቅ።»