«ደርሶኛል» እስኪባል

የመጨረሻ ልጄ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲነካካ ቡናውን ይዤለት ሄድኩ። «ቅዳሜም ሥራ?» አልኩት። «እማዬ፣ ዕቃዎቹ ሲታመሙ እንዲጮኹ እያስተማርኳቸው ነው» አለኝ። ሕመም የሚል ነገር ሲነሣ ጡረታ ወጥቼም ጆሮዬ ይቆማል፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ ስዊችና ራውተር የሚባሉ ዕቃዎች አሉ። ባለሙያው በሁለት መንገድ ይከታተላቸዋል። አንደኛው፣ እኛ በየአልጋው እየዞርን ትኩሳትና የደም ግፊት እንደምንለካው፣ የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር በየጥቂት ደቂቃው «ደህና ነህ?» እያለ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው፣ አስታማሚ ሮጦ መጥቶ «ሲስተር ድረሽ!» እንደሚለው ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ወይም ዕቃው ጠፍቶ ሲነሣ፣ ማንም ሳይጠይቀው መልእክት ይልካል። ይህን መልእክት «ትራፕ» ይሉታል። ዕቃዎቹ የሚግባቡበት ደንብ ኤስኤንኤምፒ ይባላል፤ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው።

ትእዛዙ ረጅም ይመስለኝ ነበር። ዋናው ነገር ግን ሁለት ነው፤ ምን ሲሆን ይጩህ? ለማን ይጩህ? «አንዱ ከጎደለ ዋጋ የለውም። የሚደርስበትን አድራሻ ካልሰጠሽው ዕቃው ችግሩን ያውቃል፤ ሌላ ማንም ግን አያውቅም» አለኝ።

ይኼኔ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ነገርኩት። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ጠዋትና ማታ እያየን እንመዘግባለን። በአንድ በዓል ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪጁ ሳይነሣ ቀረ። የሌሊት ዘበኛው ድምፁ መቅረቱን ልብ ብለዋል። በወረቀት ጽፈው በዋናው ኃላፊ ቢሮ በር ሥር አስገቡት። ኃላፊው ግን ፈቃድ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ስገባ ቴርሞሜትሩ 19 ያሳያል።

ክትባቱ ተወገደ። ልጅ አዝለው ከሩቅ የመጡትን እናቶች «በሌላ ቀን ተመለሱ» ብዬ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ያልተመለሱም ነበሩ። ሰው ሁሉ ዘበኛውን ወቀሰ። እሳቸው ግን መልእክቱን ልከዋል። «ፍሪጁ ዝም ካለ ሌሊትም ቢሆን እኔን ይጥሩኝ» ብዬ ቤቴን ያላሳየኋቸው እኔ ነበርኩ።

ልጄ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። «ትራፕም እንደዚያ ወረቀት ነው፤ ይላካል እንጂ መድረሱ አይታወቅም። መንገድ ላይ ቢጠፋ ላኪው አያውቅም። ስለዚህ ኋላ ላይ ‹ኢንፎርም› የሚባል ተጨመረ፤ ተቀባዩ ‹ደርሶኛል› ካላለ እንደገና ይልካል» አለኝ። ሁሉንም ነገር ማስጮህም ጥሩ እንዳልሆነ ነገረኝ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መልእክት ከመጣ፣ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ልብ የሚለው አይገኝም። ይህንንስ አውቀዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ መሣሪያ ያለበት ክፍል ውስጥ የነርስ ጆሮም ይደነዝዛል። «ስጨርስስ በምን አረጋግጣለሁ መሰለሽ?» አለኝ። «አንድ ገመድ ሆን ብዬ እነቅላለሁ። መልእክቱ ካልደረሰኝ ሥራው አላለቀም።»

ከዚያ ሲኒውን አስቀምጦ አየኝ። «አንቺስ እማዬ? ባለፈው ወር ኩሽና ውስጥ አዙሮሽ ስትወድቂ ለማን ነገርሽ?»

የምመልሰው አጣሁ። እሱ የሰማው ከጎረቤት ነው። እኔማ «ሥራ ላይ ነው፤ ለምን አስጨንቀዋለሁ» ብዬ ተነሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛን «ምልክቱን አትደብቁ» ስል የኖርኩ ሴት የራሴን ደበቅሁ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ስንቶቻችሁ እንዲህ እንደምታደርጉ አላጣውም።

ማታውኑ አብረን ጻፍን። ምን ሲሆን? ከወደቅሁ፣ አንደበቴ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኔ ከደነዘዘ፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር ከ180 ካለፈ። ለጉልበቴ ቁርጥማትማ አልደውልም። ለማን? መጀመሪያ ለእሱ፤ ካላነሣ ለእህቱ፤ እሷም ካላነሣች ለጎረቤቴ። በጽሑፍ ልኬ ዝም አልልም፤ «ደርሶኛል» እስኪለኝ እደጋግማለሁ። ወረቀቱን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍነው።

ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። በሁለተኛው ጥሪ አነሣ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም ልጄ፤ ገመድ እየነቀልኩ ነው» አልኩት።