የየሬቫን ቼዝ

የአርመኒያ ባለ 2,000 ድራም ኖት ላይ ያለው ሰው ንጉሥም ጄኔራልም አይደለም፤ ቼዝ ተጫዋች ነው። ትግራን ፔትሮሲያን፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1969 የዓለም ሻምፒዮን። የሬቫን እንደደረስኩ ገንዘብ ስመነዝር እጄ ላይ ሲወድቅ ለታክሲ ልሰጠው አሳሳኝና ሌላ ኖት ፈልጌ ከፈልኩ። ከተማዋን የወደድኳት ያኔውኑ ነው።

ቼዝ በልጅነት ካልተጀመረ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ አሉ። ግራንድማስተር ለመሆን ከሆነ ብዙም አልተሳሳቱ ይሆናል። ለእኛ በጎልማሳነት ለጀመርነው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከሥራ በኋላ በሚተርፈው ሰዓት፣ በደከመ ጭንቅላት፣ ከአምናው የተሻለ እንዴት እንጫወት? የሦስት ደቂቃ የስልክ ጨዋታ እጅ ያፈጥናል እንጂ ዓይን አይከፍትም። የሬቫን የሄድኩት መልሱን ፍለጋ ነው ብል ግን ማጋነን ይሆናል። የሄድኩት ለማየት ነው።

የሚታይም ሞልቷል። ከተማዋ ቱፍ በሚሉት ሮዝማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባች ናት፤ ሰማዩ ሲጠራ የአራራት ተራራ ከቱርክ ድንበር ወዲያ ግዙፍ ሆኖ ይታያል። በ1970 የተከፈተው የቼዝ ቤት ከካንጂያን ጎዳና ዳር ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ሕንፃ ነው፤ ፔትሮሲያን በ1984 ሲሞት በስሙ ተሰየመ። ፔትሮሲያን የተወለደው ትብሊሲ ነው፤ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ጎዳና እየጠረገ ያደገ ሰው ነው። በ1963 ሞስኮ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ቦትቪኒክን ሲገጥም የየሬቫን ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ በትልልቅ ሰሌዳ ላይ እርምጃውን ይከታተል ነበር። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በአርመኒያ ትምህርት ቤቶች ቼዝ እንደ ሒሳብ የግዴታ ትምህርት ሆኗል። ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር በ2006፣ በ2008 እና በ2012 የቼዝ ኦሊምፒያድን ወስዳለች።

እኔን የያዘኝ ግን መናፈሻው ነው። አዛውንቶች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ገሚሱ ናርዲ የሚባለውን የዳይስ ጨዋታ እየተጫወተ ዳይሱን ያንኳኳል፣ ገሚሱ ቼዝ ላይ አቀርቅሯል። ተመልካቹ ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ። ጣቱን ሰሌዳው ውስጥ እየከተተ ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው የተባሉ አንድ ሰው፣ በልቤ «ጋሼ» ያልኳቸው፣ ቦታ ለቀቁልኝ። እንግሊዝኛ የሚችል የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ያስተረጉማል።

ጋሼ እያንዳንዷን እርምጃ ከሄዱ በኋላ መዳፋቸውን በእኔ ጠጠሮች ላይ ይዘረጋሉ፤ እንዳልነካ። «አሁን እኔ ምን ልሠራ ነው?» ይሉኛል። ካልመለስኩ እጃቸው አይነሳም። መጀመሪያ ላይ አናደደኝ። እኔ የራሴን ጥቃት አስቤ መጥቻለሁ፤ የሳቸው ሐሳብ ምን ያደርግልኛል? ግን ተራዬ በደረሰ ቁጥር ጥያቄው እየቀደመኝ መጣ። «ፈረሱን ወደ መሃል ሊያስገቡ ነው» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ይግባ ትላለህ?»

የፔትሮሲያን ጨዋታ እንዳለ ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሊያደርግ ያሰበውን፣ ሰውየው ራሱ በቅጡ ሳያስበው መከልከል። ጋሼ ጠጠሮቹን ጠረግ አድርገው በ1953ቱ የዙሪክ የዕጩዎች ውድድር ፔትሮሲያን ከሪሸቭስኪ ጋር ያደረገውን ጨዋታ በቃላቸው ደረደሩት። የነጩ ወታደሮች መሃሉን ይዘው ሊገፉ ተዘጋጅተዋል፤ ጥቁሩ፣ ፔትሮሲያን፣ መተንፈሻ አጥቷል። በ25ኛው እርምጃ ፔትሮሲያን ግንቡን ኢ7 ላይ ከነበረበት አንስቶ ኢ6 ላይ አቆመው፣ ጳጳስ ሊበላው በሚችልበት ቤት። ለምን? የተለቀቀው ኢ7 የፈረሱ መንገድ ነው። ፈረሱ በዚያ አልፎ ዲ5 ላይ ሲተከል የነጩ ወታደሮች ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ግንቡ ተበላ፤ ጨዋታው ግን እኩል ወጣ። ይህን አሰልቺ የሚሉ ሰዎች አሉ። በ1966 የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ በ10ኛው ጨዋታ ንግሥቱን ከስፓስኪ ንጉሥ አጠገብ ማዕዘን ላይ ሠውቶ ስፓስኪን እጅ ያሰጠውም ይኸው ሰው ነው።

እኔም በተራዬ የማወራው አላጣሁም። የእኛን የቀድሞ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ነገርኳቸው፦ ጨዋታው ሲጀመር ተራ ብሎ ነገር የለም፣ ሁለቱም እኩል ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይህም ወረራ ይባላል። ብልህ ተጫዋች በዚያ ግርግር መሃል ዓይኑን የሚጥለው የሌላው ሰው አሰላለፍ ላይ ነው፤ ያየውን ተከትሎ የራሱን ያስተካክላል። ጋሼ ጭናቸውን መቱ። ተራ መጠበቅ የሌለበት ጨዋታ እንዲህ መተያየት ይጠይቃል ብለው አላሰቡም ነበር መሰለኝ፤ የመናፈሻው ካፌ ቡና እስኪያመጣ ድረስ አሳየኝ እያሉ ወጠሩኝ።

ጋሼ ለጎልማሳ የሚመክሩት አጭር ነው። ረጅም ጨዋታ ተጫወት፣ እርምጃህን ጻፍ፣ ቤት ገብተህ ኮምፒውተሩን ከመክፈትህ በፊት የት እንደተበላሸ ራስህ ፈልግ። የመክፈቻ መጽሐፍ የሚያስፈልግህ ጥቂት ነው፤ የጨዋታውን መጨረሻ ተማር። ይህን የመጨረሻውን ምክር መጀመሪያ እንደ አዛውንት ወግ ነበር የሰማሁት።

በመጨረሻው ቀን ስንጫወት እሳቸው ግንብና አንድ ወታደር፣ እኔ ግንብ ብቻ ቀረን። የቼዝ ሊቁ ፊሊዶር ያሳየው መከላከያ ነው፦ ንጉሤን ከወታደሩ ፊት አስቀምጬ ግንቤን ከእኔ በኩል በሦስተኛው መስመር ላይ አቆምኩ፣ ንጉሣቸው እንዳያልፍ። ወታደሩን እዚያው መስመር ላይ ሲገፉት የንጉሣቸው መጠለያ ጠፋ፤ ግንቤን ወደ ሰሌዳው ወዲያኛው ጫፍ ወስጄ ከኋላ ቼክ ማለት ጀመርኩ። እኩል ብለው እጄን ጨበጡኝ። ከኋላችን የቆሙት ግን አልተስማሙም። አንዱ ጋሼ ቀደም ብለው ንጉሣቸውን በሌላ በኩል ቢያመጡት ያሸንፉ ነበር አለ፣ ሌላው እብድ ነህ አለው፣ ሦስተኛው ጠጠሮቹን መልሶ ደረደረ። ክርክሩ ሲጋጋል አንድ ሸበቶ ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወንበሩን እንድለቅለት በእጁ አሳየኝ።