ቀኑ ያለፈበት ፈቃድ

ነርስነት የማይለቅ አመል አለው። ዘመድ ቤት ስሰነብት የመድኃኒት መሳቢያውን ከፍቼ ቀኑ ያለፈበትን ሳልለይ አላርፍም። ባለፈው መጋቢት ለንደን ታላቅ እህቴ ቤት ይህንኑ ሳደርግ፣ ከመድኃኒቶቹ ሥር ያልተከፈተ ደብዳቤ አገኘሁ። ከክፍለ ከተማዋ የመራጮች ምዝገባ ክፍል የተላከ ነው።

እትዬ 78 ዓመቷ ነው። የእንግሊዝ ዜጋ ስለሆነች ትመርጣለች፤ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ግን የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። “አንዴ ጠይቄያለሁ፤ ለዕድሜ ልክ ነው” ትል ነበር። ደብዳቤው የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት በፖስታ የመምረጥ ፈቃድ ከ3 ዓመት በላይ አይቆይም። ከኦክቶበር 31 ቀን 2023 በፊት የተሰጠው ደግሞ ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 አብቅቷል። የለንደን ክፍለ ከተሞች ምክር ቤት ምርጫ የሚካሄደው ሜይ 7 ነው።

“ሰረዙኝ ማለት ነው?” አለች ፊቷ ጠቁሮ።

አልሰረዟትም። ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዛ፣ የአረጋውያን የአውቶብስ ካርዷም ቢሆን ይበቃል፣ ምርጫ ጣቢያ ሄዳ መምረጥ ትችላለች። የቀረባት ወረቀቱ ቤቷ መምጣቱ ነው። በእሷ ጉልበት ግን ያው መሰረዝ ነው።

ማታ ልጇ መጥቶ በስልኩ ያመለክትላት ጀመር። የልደት ቀኗንና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሯን አስገባ። ፊርማ ላይ ሲደርስ፣ “አክስቴ፣ የእማዬ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ልፈርምላት” አለ። ደግ ልጅ ነው፤ ለክፋት አይደለም። እትዬ ግን ዝም አለች።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። አእምሮዋ ደህና የሆነ እናት አልጋዋ ላይ ሆና እየሰማች፣ ልጆቿ በላይዋ ሲመክሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

“አይሆንም ልጄ” አልኩት። “ኋላ ድምፅዋን ስትልክ የምትፈርመው ከዚህ ጋር ይመሳከራል፤ ካልገጠመ ይወድቅባታል። ደግሞም ድምፁ የእሷ ነው።”

ነጭ ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶ አቀረብንላት። የድሮውን ያማረ ፊርማዋን ልትሞክር ስትል፣ “እትዬ፣ አሁን የሚመጣልሽን ፈርሚ” አልኳት። መስመሩ ተጣመመ፤ ግን የራሷ ነው። ልጇ ፎቶ አንስቶ ላከው። ጨርሶ መፈረም ለማይችልም ያለ ፊርማ እንዲመርጥ የሚያመለክትበት መንገድ አለ። ማመልከቻው የሚዘጋው ከምርጫው 11 የሥራ ቀናት አስቀድሞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው።

ወላጆቻችሁ እዚያ ያሉ፣ መሳቢያቸውን አብራችኋቸው ክፈቱ። አንብቡላቸው፣ ቅጹን ሙሉላቸው፤ እስክሪብቶውን ግን ለእነሱ ተዉላቸው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እትዬ ደወለች። “ወረቀቱ መጣ፤ መርጬም ላክሁ” አለችኝ።

“ማንን መረጥሽ?” አልኳት።

“አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ!” ብላ ሳቀች።