ጭቃ የሚያቦኩት ጀርመኖች

ክቬድሊንቡርግ በሃርትስ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ የጀርመን ከተማ ናት። በ936 ያረፈው ንጉሥ ሃይንሪሽ ቀዳማዊ የተቀበረው ኮረብታዋ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እንግዳ ወደዚህ የሚጎርፈው ግን ለመቃብሩ ብቻ ሳይሆን ለቤቶቹ ነው። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ዩኔስኮ በ1994 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ዎርድ ጋሰ በተባለው ጠባብ መንገድ ላይ ያለውና ዛሬ ሙዚየም የሆነው ቤት የተሠራው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው።

እኔን ያመጣኝ የአሮጌ ቤት ጥገና የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ያዘጋጁት አጭር ሥልጠና ነው። ለመለማመጃ የተሰጠን ቤት አንዱ ግድግዳው ልስኑ ተነሥቶ ውስጡ ይታያል። ወፋፍራም የዋንዛ ያህል ጠንካራ ቋሚዎች አሉ፤ በመካከላቸው ፍልጥ ተሰክቷል፤ በፍልጡ ላይ የአኻያ ቀንበጥ ተጎንጉኗል፤ ከዚያ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ተመርጎበታል። ጎጃም ውስጥ ያደግሁበት ቤት የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ማገሩን በልጥ እናስረዋለን፣ እነሱ ቀንበጡን ይጎነጉኑታል፤ የቀረው አንድ ነው። በእጄ ስዳስሰው ጭዱ ከነቀለሙ ነበር። ያ ጭድ የታጨደው ከኔ ቅድመ አያት መወለድ በፊት ሳይሆን አይቀርም።

አሠልጣኛችን በሥራ ያረጁ ለሳኝ ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ስለ ሲሚንቶ ነበር። በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ዘመን ለነዚህ ቤቶች ገንዘብም ቁሳቁስም አልተገኘም፤ ሰፈር ሙሉ ሲፈርስ የሚያይ እንጂ የሚያድን ጠፍቶ ነበር። የተጠገነውም ብዙውን ጊዜ በተገኘው ነገር ተጠገነ፤ የተገኘው ደግሞ ሲሚንቶ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። በሁለቱ መካከል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትከፈታለች፤ ዝናቡ በዚያች ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ሲሚንቶው መውጫ አይሰጠውም። ጭቃው ቢሆን ኖሮ እርጥበቱን ከእንጨቱ ስቦ ለአየር ይመልሰው ነበር። አሠልጣኙ ከአንድ ቤት የወጣ ቋሚ አምጥተው አሳዩን። በውጭ ሲያዩት ደህና ግንድ ነው፤ በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ ቡና አተላ ፈሰሰ። ስድስት መቶ ዓመት ዝናብና በረዶ ያልጣለውን እንጨት የጣለው ጠንካራ ነው ተብሎ የተለሰነበት ነገር ነው።

ይህን ስሰማ የሀገሬ ሰው ታወሰኝ። ገንዘብ ያገኘ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው የጭቃ ቤቱን በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። የድህነት ምልክት ነው ብሎ ስለሚያስብ ጭቃውን ለመሸፈን ይቸኩላል። ክቬድሊንቡርግ ውስጥ ደግሞ የጭቃ ልስን በከረጢት ታሽጎ በሱቅ ይሸጣል፤ ከተራ ሲሚንቶም ይወደዳል።

በማግስቱ ትምህርቱ ስለ ኖራ ነበር። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈላና ይፈርሳል፤ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የጎንደርን ግንቦች ያያያዘው ይኸው ኖራ ነው። ኖራ ሻጋታ ይጠላል፤ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኃይለኛ ባሕርይ ስላለው ሻጋታው ሥር ለመስደድ ይቸገራል። ለዚህ ነው መኝታ ቤትና ምድር ቤት በኖራ የሚቀቡት። ነገር ግን አሠልጣኙ ክዳኑን ከመክፈታቸው በፊት ለሁላችንም የዓይን መከላከያ መነጽር አደሉ፤ የዓይን ማጠቢያ ውሃም አጠገባችን አስቀመጡ። ርጥብ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። የተልባ ዘይት ቀለምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እኛ በጾም የምንጠጣውን ተልባ እነሱ ዘይቱን ጨምቀው፣ ከማዕድን ቀለም ጋር አሽተው መስኮትና በር ይቀቡበታል፤ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ለዓመታት ይጠብቀዋል። ዘይቱን የጠረግንበትን ጨርቅ ግን ጨብጠን ጥግ እንዳንጥል አጥብቀው አስጠነቀቁን። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ይዞ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘርግተን ደጅ ሰቀልን።

ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሁሉ የዋህ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። በእኔ እምነት ጥያቄው «ተፈጥሯዊ ነው ወይ?» መሆን የለበትም። ይህ ነገር ምንድን ነው፣ ምን ይሠራል፣ ሲያልቅ የት ይሄዳል፣ እጄና ሳንባዬ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅና መልሱን የሚያውቅ ሰው ነው ቤቱን የሚጠብቀው። ጀርመኖች ወደ ጭቃና ወደ ኖራ የተመለሱት በናፍቆት ብቻ አይደለም። ተጎድተው ነው።

ጉዳቱን ያየሁት ጣሪያ ሥር ነው። አንድ ቀን ወደ ቆጥ ልንወጣ ስንል ጭምብልና ሙሉ ልብስ ልበሱ ተባልን። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ጣሪያ የሚበላውን ነቀዝ ለመግደል ሂሎቶክስ 59 የሚባል ፈሳሽ በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይቀባ ነበር። በውስጡ ዲዲቲና ሊንዴን አለበት። ምዕራብ ጀርመን ዲዲቲን በ1972 ስትከለክል ምሥራቁ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ቀጠለበት። አሠልጣኙ ባትሪ አብርተው ወራጁን ሲያሳዩን እንጨቱ ላይ ስስ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል። ዲዲቲው ነው፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ከእንጨቱ ውስጥ እየወጣ ክሪስታል ይሠራል። ያንን ጣሪያ ማጽዳት ከአዲስ ቤት ሥራ የማይተናነስ ጣጣ አለው።

ምዕራቡም ከዚህ አላመለጠም። በ1970ዎቹ ሳሎንን በእንጨት ማልበስ ፋሽን ነበር፤ እንጨቱን የሚቀቡት ፔንታክሎሮፌኖልና ሊንዴን ባለበት መከላከያ ነው። ነፍሳት በሌሉበት፣ ዝናብ በማይደርስበት ሳሎን ውስጥ! በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ራስ ምታት፣ ድካምና የቆዳ ሕመም አለብን ብለው አቤት አሉ። ፔንታክሎሮፌኖል በ1989 ተከለከለ። በፍራንክፈርት የታየው የወንጀል ክስ በ1993 ሁለት ሥራ አስኪያጆች ላይ ፍርድ አስከተለ፤ በ1995 ደግሞ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ እንደገና እንዲታይ መለሰው። ሕጉ ብዙ ተከራከረ፤ ቤተሰቡ ግን በየሳሎኑ ሲተነፍስ ኖሯል። ዛሬ ጀርመናዊ ቀለም ሲገዛ ቆርቆሮውን አዙሮ የሚያነበው፣ በ1978 የወጣውን ሰማያዊ መልአክ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ምልክት የሚፈልገው ያንን ስለማይረሳ ይመስለኛል።

ያረፍኩት ጡረታ በወጡ አንዲት ነርስ ቤት ነበር። ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍተው ያሳዩኝ ራሳቸው ናቸው። አቼቶ፣ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት፣ የልብስ ሶዳ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሽታ የሌለው ደረቅ ሳሙና። በቃ። ነርሷ የእያንዳንዱን ሥራ ለይተው ያውቃሉ። የውሃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ ሲትሪክ አሲድ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ በፈላ ውሃ ሌላ የማይሟሟ ቅርፊት ይሠራል ይላሉ። ቅባት የሚያስለቅቀው ሶዳና ሳሙና ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ አረፋ ሲነሣ መደሰት ከንቱ ነው፤ አሲዱና ሶዳው ተጣፍተው የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው። አቼቶ እብነ በረድና የኖራ ግድግዳ ላይ አይደረግም፤ ይበላቸዋል። ጠዋትና ማታ ደግሞ፣ ክረምትም ቢሆን፣ መስኮቱን ሁሉ ወለል አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ይከፍታሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ሻጋታን የሚያሸንፈው ከጠርሙስ የሚወጣ ነገር ሳይሆን ይህ ነው ይላሉ።

«በረኪና የለዎትም?» አልኳቸው። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሌላ ቁም ሣጥን ውስጥ ለብቻዋ ተቆልፎባታል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት በሽተኛ ቤት ውስጥ ሲኖር አቼቶ አይበቃም አሉኝ። ሆስፒታል ያረጁ ሰው ናቸውና አልተከራከርኩም። በእኛም አገር አተት በገባበት ወቅት በመጠኑ የተበጠበጠ በረኪና ሕይወት አትርፏል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ቤት ንጽሕና የሚለካው በበረኪና ሽታ ነው፤ መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ሳይለካ ይደፋል፤ ያላስለቀቀ እንደሆነ ከአሲድ ጋር ይቀላቀላል። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የቤት ሠራተኞቻችን፣ አብዛኞቹ ልጅ እግር የሆኑ ሴቶች፣ ዓይናቸው እያለቀሰ ሲያስሉ «ጠንከር ያለ ነው፣ ጥሩ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህንን ማስቆም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ፣ መስኮት ክፈቱ ማለት ብቻ ነው። ለቀለሙ እንኳ ሕግ አለን፤ በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ይላል። ለበረኪናው ግን ጠባቂው የቤቱ ሰው ነው።

ነርሷ በእኛ ዘንድ በምን ይታጠብ እንደነበር ጠየቁኝ። እንዶድን ነገርኳቸው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ እንደሚሰጥ፣ እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጹበት እንደነበር። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ማረጋገጣቸውን፣ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ማግኘታቸውንም ነገርኳቸው። ነርሷ ወዲያው «ዓሣውንስ?» አሉ። ዓሣውንም ይገድላል። ልክ ነው ጥያቄያቸው። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የጠላ ጋን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን ሌላ ነው፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ማደር ሌላ ነው። ከሰልም ከዛፍ የመጣ ነው፤ በየዓመቱ ግን ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል።

ከሠልጣኞቹ መካከል አንድ ወጣት አናጢ የጭቃ ቤት ልጅ መሆኔን ካወቀ ጀምሮ አልተለየኝም። ጭቃችሁን ስንት ቀን ታቦካላችሁ፣ ጭዱ የምን ነው፣ እያለ ይጠይቃል። እኔ በልጅነቴ ከመርገጥ በቀር የማውቀው የለም። ስለዚህ አንድ ማታ ጎጃም ላሉት አጎቴ ደወልን።

«ጋሼ፣ ጭቃ ለምርጊት ስንት ቀን ነው የሚቦካው?»

«ምን ቀን አለው ልጄ። በየቀኑ ውሃ እየጨመሩ መርገጥ ነው። መሽተት ሲጀምር፣ ጭዱም ስትጎትተው እሺ ብሎ ሲበጠስ ደርሷል። ቤት ልትሠራ ነው?»

«ጀርመኖች ናቸው የሚጠይቁት።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ጤፍ አላቸው?»

የገብስ ጭድ ነው ያላቸው አልኳቸው። «የገብስ ሻካራ ነው፤ ከትፈው ያድቅቁት፣ ከጤፉ አስበልጠውም ያቆዩት። አፈሩ አሸዋ የበዛበት እንዳይሆን ደግሞ በእጃቸው ድብልብል አድርገው ይዩት» አሉኝ። ወጣቱ እየተረጎምኩለት ሁሉንም ጻፈ።

ከዚያ ሁለት ባልዲ ጭቃ አዘጋጀ። አንዱን የዚያኑ ዕለት በሳንቃ ላይ መረገው፤ ሌላውን ከድኖ አስቀመጠውና የሚበቃው ሲመስለው እሱንም መረገው። ከተለያየን በኋላ የሁለቱን ፎቶ ላከልኝ። ሳይቦካ የተመረገው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፤ በቦካው ላይ የሚታየው ስንጥቅ ጥቂት ነው። ከፎቶው በታች የጻፈው መልእክት እበት የሚጨመረው ጭቃው ከመቦካቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ አጎትህን ጠይቅልኝ ይላል።